የደብር ዛፍና የምድር ቤት

ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ያልፋል። በራሱ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው የጋይንትን፥ የእስቴንና የስማዳን አገር እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ያየዋል። ከእግሩ በታች ጓሳና ጅብራ የበቀለበት ብርዳም ሜዳ አለ፤ ከዚያ ዝቅ ሲል የገብስና የድንች ማሳ፥ ቀጥሎም የስንዴ፥ የባቄላና የጤፍ እርሻ ይከተላል፤ ወገዳን አልፎ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ገደል ሲወርድ ደግሞ ማሽላና ግራር ያለበት ሞቃት ቈላ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ ምድሩ አብዛኛው ራቁቱን ነው። ነገር ግን በያለበት፥ በኮረብታው ጫፍ ወይም በወንዙ ዳር፥ እንደ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ይታያል። መንገደኛም አገሩን ባያውቀው እንኳ ደብር መሆኑን አውቆ ከሩቅ ይሳለማል፤ አይሳሳትምም።

እንዲህ ያሉ ደኖች በደቡብ ጐንደር ብቻ ከ1000 የሚበልጡ ሆነው ተቈጥረዋል። ብዙዎቹ ትንንሾች ናቸው፤ የአንዱ ስፋት በአማካይ 5 ሄክታር ያህል ነው። ቢሆንም አገሩ ገና ሳይታረስ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚታወቅበት ሌላ ስፍራ እምብዛም ስላልቀረ፥ እንደ አሮጌ መዝገብ የከበሩ ናቸው። ካህናቱ ዛፉን እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ይቈጥሩታል፤ ዛፍ የሌለው ደብር እንደ ተራቈተ ሰው ያሳፍራቸዋል። እርሻና ማገዶ ሌላውን ሁሉ ሲበሉ ይህን ያዳነው ዘበኛ ሳይሆን ይኸው ክብር ነው።

ሕያዋን ፍጥረቶች እርስ በርሳቸውና ከሚኖሩበት ስፍራ ጋራ ያላቸውን ግንኙነት የሚመረምረው ትምህርት ኢኮሎጂ ይባላል። ስሙን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1866 ዓ.ም. ያወጣለት ኤርንስት ሄክል የተባለ የጀርመን ሊቅ ነው። ቃሉ የመጣው ኦይኮስ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ቤት ማለት ነው። እንደዚሁም በ1935 ዓ.ም. አርተር ታንስሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሕያዋኑን ከአፈሩ፥ ከውሃውና ከአየሩ ጋራ አንድ አድርጎ ኢኮሲስተም ብሎ ጠራቸው። ይህንም በአማርኛ ሥርዐተ ምኅዳር ይሉታል፤ ምኅዳር በግእዝ ማደሪያ ማለት ነውና ከግሪኩ ቃል አይርቅም። ስሙ በእውነት የተስማማ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ የሚያርስ አለ፥ የሚፈጭ አለ፥ የሚጋግር አለ፥ የሚበላ አለ፥ ዐመዱን የሚያወጣም አለ። ከነዚህ አንዱ ሥራውን ቢተው ቤቱ በዚያው ቀን አይፈርስም፤ ነገር ግን ውሎ አድሮ መጐዳቱ አይቀርም።

የዚህን ቤት አሠራር ለማየት በደብሩ ግቢ ከአንድ ትልቅ ወይራ ጥላ ሥር መቆም ይበቃል። ቅጠል የቤቱ ማድ ቤት ነው። ሥሩ ከመሬት የሳበውን ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር በፀሐይ ብርሃን አዋሕዶ ምግብ ያበጃል፤ ሰውና እንስሳ የሚተነፍሱትን ኦክሲጅንንም ይለቃል። ሌላው ሁሉ ቅጠል ያበሰለውን የሚበላ ነው። አባ ጨጓሬው ቅጠሉን ይበላል፤ ንቧ የአበባውን ወለላ ትቀስማለች፤ ወፉ አባ ጨጓሬውን ይለቅማል፤ ጭልፊቱም ወፉን ይነጥቃል። ከአንዱ በላተኛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ግን የምግቡ ኀይል በእንቅስቃሴና በሙቀት ስለሚያልቅ፥ ለሚቀጥለው የሚደርሰው በግምት ከዐሥር አንድ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ደብር ቅጠሉ ስፍር ቍጥር የለውም፥ ትሉም ብዙ ነው፥ ወፉ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ጭልፊቱ ግን አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ነብር ከጥቂት ዛፍ ሥር ሊኖር የማይችለውም ሰው ስላሳደደው ብቻ ሳይሆን፥ እርሱን የሚመግብ ማድ ቤት እጅግ ሰፊ መሆን ስላለበት ነው።

ከሁሉ የሚናቀው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ ይሠራል። ከዛፍ የወደቀ ቅጠል ቢነሣ ከሥሩ እርጥበት፥ ነጭ የሻጋታ ክር፥ ትል፥ ምስጥና ጥንዚዛ ይገኛል። ለዐይን የማይታዩት ተሕዋስያንም ከነዚህ እጅግ ይበዛሉ። እነዚህ ቅጠሉን፥ የወደቀውን ግንድና የሞተውን እንስሳ ሁሉ አላምጠው ወደ አፈር ይመልሱታል። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የሚባሉት የተክል ሲሳዮች በዚህ መንገድ ከቅጠል ወደ አፈር፥ ከአፈር ወደ ሥር፥ ከሥርም ወደ ቅጠል ይዞራሉ። አንባቢው በዚህ ላይ ልብ ይበል፤ የፀሐይ ኀይል በየቀኑ አዲስ እየመጣ አንድ ጊዜ አልፎ ይሄዳል፥ የአፈር ሲሳይ ግን በየቀኑ ከሰማይ አይወርድም፤ ያው ያለው ይዞራል እንጂ። በወይራው ቅጠል ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ምናልባት ከብዙ ዓመት በፊት የዝግባ ቅጠል፥ ከዚያም የትል ሥጋ ሆኖ የኖረ ነው። ባላገርም በማሳው ከገብስ ቀጥሎ ባቄላ የሚዘራው ይህን በልምድ ስላወቀ ነው፤ በባቄላ ሥር ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ያጠምዱታልና።

ዝናሙም በዛፍ ሥር ሌላ ጠባይ አለው። ነጠብጣቡ መጀመሪያ በቅርንጫፉ ላይ ይሰበራል፥ ቀጥሎም የወደቀው ቅጠል እንደ ፍራሽ ይቀበለዋል፤ ኋላም በዝግታ ወደ መሬት ይሰርጋል። በጉና ራስ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ጓሳው ነው። ከፍታው 1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፥ ከተራራው አናት ዛፍ አይቆምም፤ ለብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ዘሩን ሰጥቶ የሚሞተው ጅብራ ግን ይኖርበታል። ከዚያ ዝቅ ሲል አስታ፥ ከአስታ በታች ኮሶ፥ ከዚያም ጽድና ወይራ፥ ወደ ቈላው ሲቀርብም ዋንዛና ግራር እየተከታተሉ ቤታቸውን ይዘዋል። ጓሳው የጠጣውን ውሃ ቀስ በቀስ ስለሚለቅ፥ በምዕራብ ርብና ጉማራ ወደ ጣና፥ በደቡብም ሌሎች ወንዞች ወደ ዓባይ በበጋ ሳይቀር ይወርዳሉ። የገብስ እርሻ ወደ ተራራው አናት በወጣ መጠን ግን ውሃው በሐምሌ ጐርፍ ሆኖ ይሄዳል፤ በመጋቢት ምንጩ ሲደርቅ የሚጠማው ደግሞ ያረሰው ሰው ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በታች ያለው አገር ሁሉ ነው።

ከደብሩ ግቢ ውጭ ባለው ማሳ ያ የሲሳይ ዙር ተቈርጧል። የተቈረጠበትም ስፍራ የታወቀ ነው፤ እርሱም ምድጃው ነው። ማገዶ ባለቀበት አገር ሴቲቱ እበቱን ጠፍጥፋ ኩበት ታደርገዋለች፤ ቀድሞ ወደ ማሳ ይመለስ የነበረው የከብት ፍግ በምጣድ ሥር ይነድዳል። እህሉ ወደ ጐተራ፥ ጭዱ ወደ ከብቱ፥ እበቱም ወደ እሳቱ ይሄዳል፤ ወደ ማሳው ግን የሚመለስ የለም። ማሳው ሲከሳ ምርቱ ያንሳል፤ ምርቱ ሲያንስ ገበሬው ቀድሞ ለግጦሽ የተተወውን ዳገት ያርሳል፤ ዳገቱ ሲታረስ የቀረው ቍጥቋጦ ይመነጠራል፤ ቍጥቋጦው ሲያልቅ ኩበት የሚያነድደው ቤት ይበዛል። ይህን አይቶ ባላገሩን ሰነፍ ወይም አላዋቂ የሚል ሰው አለ፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ሴቲቱ ዛሬ ማታ ለልጆቿ እንጀራ መጋገር አለባት፤ የማሳው ረኃብ ደግሞ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

ራቁቱን የቀረው ዳገት በክረምት ምን እንደሚሆን በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ይልቁንም ጤፍ ደጋግሞ የታረሰና የለሰለሰ መሬት ስለሚፈልግ፥ ዝናሙ በሚበረታበት በሐምሌ መሬቱ ገና ልብስ አይኖረውም። በዚያን ጊዜ የየወንዙ ውሃ ቀይና ጥቁር ሆኖ ይወርዳል፤ ቀለሙም የማሳው አፈር ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. በሱዳን የተሠራው የሮሴይሬስ ግድብ ከያዘው ስፍራ ከሦስት አንድ እጅ ያህሉን የወሰደበት ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደው ደለል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በዚያው ወንዝ ላይ ስለ ተሠራ፥ ከስማዳ ዳገት የሚታጠበው አፈር ወደ እርሱ ይወርዳል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ይህ አገር ከተጐዱት አንዱ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የሚባለው ሥራ ሲጀመርም ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ የእህል እጥረት ከጸናባቸው ወረዳዎች ጋራ ገቡበት። በዚህ ሥራ ሕዝቡ እህል ወይም ገንዘብ እየተከፈለው በየዳገቱ እርከን ሠርቷል። እርከን አፈሩን ከመሄድ ያግደዋል፤ የከሳውን አፈር ግን ብቻውን አያወፍረውም።

ስለ ባሕር ዛፍ ደግሞ ጥቂት መናገር ይገባል፤ አንዱ ያመሰግነዋል፥ ሌላው ይረግመዋልና። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ የአዲስ አበባ ማገዶ ባለቀ ጊዜ ነው። ቶሎ ያድጋል፥ ሲቈረጥም እንደ ገና ያቈጠቍጣል፤ ለድኻም ቤት መሥሪያ፥ ማገዶና የገበያ ገንዘብ ይሆነዋል። ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ የደብሩ ወይራ ስንቱ ለምድጃ ይሄድ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፥ ከሥሩም ሣርና አዝመራ እንደ ልብ አይበቅልም። ስለዚህ በማሳ ዳርና በምንጭ አጠገብ መተከሉ ጥፋት ነው፤ ለእርሻ በማይሆን ድንጋያማ ጥግ መተከሉ ግን ብልኀት ነው። የሚያሳዝነው በአንዳንድ ደብር ለገቢ ሲባል ቀስ በቀስ ወደ አገሩ ዛፍ መካከል መግባቱ ነው።

ወደ ደብሩ ደን እንመለስ ቢባል፥ እርሱም ከችግር ነጻ አይደለም። አለማየሁ ዋሴ የተባለው ኢትዮጵያዊ ሊቅ፥ ኋላ እመጓ በሚለው መጽሐፉ በብዙ አንባቢ ዘንድ የታወቀው፥ በደቡብ ጐንደር ከባለሙያዎች ጋራ 28 ደብሮችን እየዞረ ዛፎቻቸውን ቈጠረ። በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. የዶክትርና ማዕርግ ያገኘው በዚህ ጥናት ነው። በነዚህ ደብሮች 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ተገኘ፤ ከነዚህም 160ው የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሌላው ነገር ግን ያስፈራል፤ በብዙ ደብር ታላላቆቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ከሥራቸው ልጆቻቸው የሉም። ሽማግሌዎች ብቻ የተቀመጡበት፥ የሕፃን ድምፅ የማይሰማበት ቤት ይመስላል። ከውጭ የሚያየው ሰው ግን ጥላውን እያየ ሁሉ ደኅና ነው ይላል።

ዐይን በዚህ ነገር እንዴት እንደሚታለል ከሌላ ምርመራም ይታወቃል። ጣልያኖች እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1938 ዓ.ም. ከአውሮፕላን ያነሡት ፎቶግራፍ በ2015 ዓ.ም. ከነበረው ጋራ ሲነጻጸር፥ የብዙ ደብር ደን በስፋቱ አልቀነሰም። የጠፋው በዙሪያው የነበረው ቍጥቋጦ ነው። ቀድሞ ደኑ ወደ ቍጥቋጦ፥ ቍጥቋጦውም ወደ ግጦሽ እየተቀላቀለ ይሄድ ነበር፤ አሁን ግን ማሳው እስከ ዛፉ ሥር ደርሷል። ስለዚህ ደረቁ ነፋስና ፀሐይ በዳር ያሉትን ዛፎች በቀጥታ ያገኛቸዋል። ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው የሚሻገሩት ወፍና ንብም የሚያርፉበት ጥግ ስለሌላቸው፥ እያንዳንዱ ደን በባሕር መካከል እንዳለ ደሴት ብቻውን ቀርቷል።

ልጆቹ ስለ ምን ጠፉ ቢባል፥ ነገሩ ከዘሩ ይጀምራል። የአረም ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ኋላ ሊበቅል ይችላል። ከደብሮች አፈር ወስደው ውሃ እያጠጡ በፈተኑት ጊዜ ግን የበቀለው ከሞላ ጐደል ሣርና አረም ሆነ፤ ዛፉ እጅግ ጥቂት ነበር። የደኑ ዛፎች አብዛኞቹ በመሬት ውስጥ ጐተራ የላቸውም ማለት ነው፤ እናቲቱ ዛፍ ከሞተች ዘሯን ከሌላ ስፍራ የሚያመጣ ካልተገኘ በቀር አትተካም። የወይራን ፍሬ ወፍ ውጦ ፍሬ ነገሩን ከሌላ ዛፍ ሥር ይጥለዋል፤ እንዲህ የወደቀውንም አይጥና ነፍሳት ያገኙታል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ የበቀለው አንድ ቅጠል ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ፍየል ይቀጥፈዋል፥ ወይም በሬ ይረግጠዋል። ይህ እውነት መሆኑን ለማወቅ በሁለት ደብሮች ውስጥ ከፊሉን መሬት አጥረው፥ ከፊሉንም ክፍት ትተው የወይራንና የጽድን፥ የሌሎችንም ዛፎች ዘርና ችግኝ ፈተኑ። በታጠረው ውስጥ ዘሩ በብዛት በቀለ፥ ችግኙም አድጎ ክረምትና በጋውን ተሻገረ፤ ክፍት በተተወው ግን አብዛኛው ጠፋ።

እንግዲህ መፍትሔው የድንጋይ ካብ ሆነ። አለማየሁ ዋሴ በ2008 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ማርጋሬት ላውማን ከምትባል የዛፍ ጫፍ ሕይወት ከምትመረምር አሜሪካዊት ጋራ ተዋወቀ። እርስዋ በአገርዋ ገንዘብ ስታሰባስብ፥ እርሱ ካህናቱንና ምእመናኑን እየሰበሰበ፥ በደቡብ ጐንደር በአንዳንድ ደብሮች ዙሪያ ካብ ተካበ። ድንጋዩ ከሩቅ አልመጣም፤ ገበሬው ከማሳው ለቅሞ አመጣው። በዚህም ሁለት ጥቅም ተገኘ፤ ደኑ ታጠረ፥ ማሳውም ለማረስ ቀለለ። ካቡ ያለ ሲሚንቶ የሚሠራ ስለሆነ እባብና እንሽላሊት፥ ሽኮኮም ሳይቀር በስንጥቁ ይኖሩበታል።

ይሁን እንጂ ካብ ለማንም ሳይከብድ የሚቆም ነገር አይደለም። በሚያዝያ ሐሩር ከብቱን ከደብሩ ጥላ ሲያሳርፍ የኖረ እረኛ ወዴት ይሂድ? ጭራሮ ለቅማ ምሳ የምታበስለው ድኻ ባልቴትስ? ካብ በተካበበት ስፍራ እነዚህን የሚያስብ ደንብ ካልተሠራ፥ የመጀመሪያው የካብ ድንጋይ የሚወድቀው ከነርሱ ወገን ነው። ስለዚህ ሣሩ በጥቅምት ታጭዶ ለጐረቤት የሚከፈልበት፥ የወደቀው እንጨት በተራ የሚሰጥበት ሥርዐት ከካቡ እኩል ያስፈልጋል። ከካቡ ውስጥም ሥራ አለ። በንግሥ ቀን የሚመጣው ሕዝብ ችግኙን እንዳይረግጥ መንገዱ መለየት አለበት፤ አዲስ ሕንፃ ሲሠራም በታላቁ ዛፍ ሥር ሳይሆን ክፍት በሆነው ስፍራ መሆን አለበት። በግቢው ንጽሕና የሚታወቅ ደብር የወደቀውን ቅጠል ሁሉ ጠርጎ ሲያቃጥል፥ የመሬቱን ሲሳይ ዐመድ እያደረገው መሆኑን መጋቢው ቢያውቅ በጠረገው ላይ ሁለት ጊዜ ያስብበታል።

ይህን ሁሉ ተማሪው በቃል ብቻ አይያዘው። በሰኔ መጀመሪያና በኅዳር፥ ከካብ በስተ ውስጥ ካለው ደንና ከብት ከሚገባበት ደን ጐን ለጐን፥ በያንዳንዱ ስፋቱ አራት ማዕዘን የሆነ አንድ አንድ ሜትር መሬት በገመድ ይለካ። ቅጠሉን በጣቱ ገልጦ የበቀሉትን የዛፍ ልጆች ይቍጠር፤ ከወይራ፥ ከጽድ፥ ከዋንዛና ከብሳና የትኛው እንደሆነ ካላወቀ ከደብሩ ሽማግሌ ይጠይቅ። ቅጠሉ ስንት ጣት ያህል እንደ ተከመረ፥ ከሥሩም እርጥበት ይኑር አይኑር በደብተሩ ይጻፍ። ሲጨርስ ቅጠሉን እንደ ነበረ አድርጎ ያልብሰው፤ ገመዱንም ለሚመጣው ኅዳር ስፍራውን እንዲያገኘው ከዛፉ ግንድ ላይ ምልክት አድርጎ ይውሰደው።